ያልደማችው ላም

ስለዚያ ድግስ ሁለት ዘፈኖች አሉ።

በማላዊ ሐይቅ ላይ ባለችው ደሴታችን በሊኮማ የሚዘፈነው «ማማሰያዋን ነጥቃ ሄደች፣ ድስቱን ረግማ ሄደች፤ እንግዳችን ጉሮሮ ላይ ምላሷን ጥላ ሄደች» ይላል። ማዶ በቺዙሙሉ ደሴት የሚዘፈነው ደግሞ «ጠሩን፣ ቀዝፈን መጣን፤ አቀረቡልን፣ አመስግነን በላን፤ ላሚቱ ግን ከእኛ ቀድማ ሞታ ነበር» ይላል። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ውኃ ነፋስ ካልተነሳ ከረፋድ እስከ ቀትር ተቀዝፎ የሚያልቅ ነው። ዘፈኖቹ ግን እስከ ዛሬ አልታረቁም። የእኛ ሰዎች የእነሱን ሲሰሙ «በልተው የሚያሙ» ይላሉ፤ የእነሱ ሰዎች የእኛን ሲሰሙ መሬት ላይ ይተፋሉ።

እኔ ያደግሁት የእኛን እየዘፈንኩ ነው። የእነሱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከኮሌጅ ለዕረፍት ስመለስ ነበር። መርከቡ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የቺዙሙሉ ሴት ልጇን እሹሩሩ የምትለው በዚያ ዜማ ነበር። ሕፃኑ ተኛ። እኔ የመርከቡን ብረት ይዤ አስመለሰኝ። ሰዎች ማዕበሉ ነው ብለው ሎሚ ሰጡኝ፤ ሐይቁ ግን እንደ ዘይት የረጋ ነበር።

ላሚቱ ስትመጣ አንድም የቺዙሙሉ ሰው በእኛ ዳርቻ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም በዓይኔ አየሁ፣ አንዱም አልገባኝም።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት በፊት፣ የመንደራችን ቡድን ለማሊፔንጋ ጭፈራ ወደ ቺዙሙሉ በተሻገረ ጊዜ ነው። ወንዶቹ ነጭ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ካልሲ ለብሰው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ የቅል ጥሩምባ እየነፉ ይጨፍራሉ። ቺዙሙሉዎች ፍየል አረዱላቸው። የእኛ ካፒቴን ባዚል ጠግቦ ሲነሳ፣ ሆዱ ይናገር ኩራቱ ይናገር እንጃ፣ «በሚመጣው ዓመት እኛ ዘንድ የምትበሉት ላም ነው» አላቸው። በደሴታችን ላይ የነበሩት ላሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዷ እንኳ የባዚል አልነበረችም።

ቃል አንዴ ወጣ። በእኛ አገር ሰው ከረሃብ ይልቅ የሚፈራው መዘፈንን ነው። እንግዳውን ቃል ገብቶለት በባዶ ሆዱ የሸኘ መንደር ይዘፈንበታል። ዘፈን ጀልባ አይጠብቅም፤ ይሻገራል፤ የልጅ ልጆችህ ሚስት ፍለጋ ሲሄዱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

የድግስ ሁሉ አዛዥ የእናቴ ታላቅ እህት አማይ ሮዳ ነበረች፤ አማይ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባሏ ሐይቅ ላይ ቀርቶ ብቻዋን፣ ከእኛ ቤት አጠገብ ትኖር ነበር። ቁመቷን የሚያክል የእንጨት ማማሰያ ነበራት። የካሳቫው ገንፎ በትልቁ በርሜል ሲገነፋ ከእሷ በቀር ያንን ማማሰያ የሚነካ አልነበረም። አፏ ስለታም ነበር። «ሞፋት፣ ዓሣውን ጠብቅ አልኩህ እንጂ ዝንቦቹን ክርስትና አንሳ አልኩህ?» ትለኛለች፤ ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እኔ እናደዳለሁ።

በድግሱ ቀን ጎህ ሲቀድ የዓሣ መደርደሪያዋን ከቁራ እየጠበቅሁ ነበር። ትንንሾቹ ዓሦች በሸምበቆ አልጋ ላይ ተዘርግተው ይደርቃሉ። ሽታቸው ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ የመዝሙር መጽሐፋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፤ እኛ ግን አይሸተንም፤ የራስ ሽታ ነው። ስለዚህ የባዚል ጀልባ ላም ሊገዛ ከሄደበት ከሞዛምቢክ ጠረፍ ተመልሶ አሸዋውን ሲነካ፣ አዲስ ሽታ እንደመጣ ወዲያው አወቅሁ። ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭና ወፍራም፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ሞራ የሚለጠፍ።

የላም ሥጋ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ላም እንዲህ ነው የምትሸተው ብዬ ተቀበልኩት።

ላሚቱ የጀልባው ወለል ላይ በጎኗ ተጋድማለች፤ ፊቷ በጆንያ ተሸፍኗል። ሰዎቹ እየተሳደቡ ጎትተው አወረዷት። ሆዷ እንደ ትልቁ ከበሮ ተወጥሯል፤ እግሮቿ እንደ ወንበር እግር ቀጥ ብለው አየር ላይ ቀርተዋል። መንደሩ ገና የጠዋት ጸሎት ላይ ስለነበር ዳርቻው ጭር ብሏል።

ከጎታቾቹ አንዱ ፌስተስ ነበር። ፌስተስ የቡድናችን «ዶክተር» ነው። እያንዳንዱ የማሊፔንጋ ቡድን አንድ ዶክተር አለው፤ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪና ከቆርኪ የተሠራ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የጨፋሪውን ደረት እያዳመጠ ተመልካቹን ያስቃል። ልጆች እንወደው ነበር።

«ምነው ዝም አለች?» አልኩት።

«ካፒቴኑን አየቻ። ወታደር ፊት ማን ይጮኻል?»

«ጆንያውስ?»

«እንዳታፍር ነው። ከአገሯ ወጥታ አታውቅም።»

ሳቀ፤ ነገር ግን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ነበር የሳቀው።

ባዚል የጭፈራ ልብሱን ከነካልሲው ለብሷል። ቢላዋውን በቀበቶው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገና ተንበርክኮ ጉሮሮዋን ቆረጠ። አልተንቀሳቀሰችም። ፍየል ሲታረድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ፍየል ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል፣ ደሙ ሰው ይረጫል። ከላሚቱ አንገት የወጣው ግን ጥቁር፣ የረጋ፣ እንደ ሬንጅ የሚንጠለጠል ጥቂት ነገር ነበር። የባዚል ካልሲ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም። ካፒቴን ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ላም እንኳ ካልሲውን እንዳታበላሽ ደሟን ትውጣለች። ስሜ ሞፋት መሆኑን ትቼ ባዚል ብሆን ብዬ ተመኘሁ።

ልብ ካቆመ በኋላ ደም አይፈስም። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሞተን ነገር ሲያርዱት እያየሁ፣ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

ፌስተስ ሆዷን ሲሰነጥቅ ነፋስ ወጣ። ፉጨት ነበረው። አንዱ ቀዛፊ ዞር ብሎ ውኃው ዳር አቀረሸ። ከውስጥ የወጣው አረንጓዴ ነበር፤ ዝንቦቹ ከዓሣው መደርደሪያ ተነስተው ሄዱ፤ ዓሣውን ማንም አልፈለገውም። እኔ አፍንጫዬን በሸሚዜ ሸፍኜ ቀረብኩ።

አማይ ሮዳ የመጣችው ያኔ ነው። ማማሰያዋን ትከሻዋ ላይ ይዛ፣ ባልዲ አንጠልጥላ፣ እየዘመረች ወረደችና መዝሙሩ መሐል ላይ ቆመ።

«ባዚል፣ ይቺ ላም መቼ ነው የሞተችው?»

«አሁን አይደል ያረድኳት፣ አማይ? ቢላዋው ይኸው እጄ ላይ።»

«የታረደ ይደማል።»

«አሸዋው ጠጣው።»

በእግሯ ጣት አሸዋውን ቧጨረችው። «የናንተ አሸዋ አፉን ጠርጎ ነው እንዴ የሚጠጣው? ደረቅ ነው።»

ባዚል ቀረባትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ጀልባዎቻቸው ተነስተዋል። ዓሣ ላቅርብ? ለዓሣ አስጋሪ ዓሣ?»

«የኔን መደርደሪያ ሙሉውን ውሰድ። ፍየሌንም ጨምር።»

«ይዝፈኑብኝ?»

«ይዝፈኑብህ። ዘፈን ሰው ገድሎ አያውቅም።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው» አለ። «እርስዎን ማን ይዘፍንብዎታል?»

ይህን ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ጥሩ ሳቅ ግን አይደለም።

አማይ ሮዳ ባልዲውን ደፍታ ማማሰያዋን መልሳ ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ይቺ ማማሰያ በክት አትነካም» አለችና ዞራ ሄደች። በክት ማለት ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ስድብ መሰለኝ። ካፒቴኑን እንዲያ ስትሳደብ አፈርኩባት።

ተከተልኳት። የሄደችው ወደ መንደሩ ሹም ግቢ ነበር። በሸምበቆው አጥር ክፍተት አየኋቸው፤ ሹሙ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በእንጨት ይፍቃሉ። የእሷን ድምፅ አልሰማሁም፤ የእሳቸውን ሰማሁ። «እሳት የማያነጻው ነገር የለም፣ ልጄ» አሉ። «ቃሪያ ይብዛበት። ደግሞም ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ጓዳን ለእንግዳ አይከፍቱም።» በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ገሃነም እሳት ተምረን ስለነበር፣ ሹሙ ስለ ነፍሷ እየመከሯት መሰለኝ። ካፒቴኑን ሰድባለችና ይገባታል አልኩ።

ማማሰያ በሌለበት ወጡን የባዚል ሚስት በመቅዘፊያ አማሰለችው። ቃሪያው ብዛቱ ሁለት ቤት ርቀት ላይ ያስነጥስ ነበር። ከቃሪያው ሥር ግን ያ ጣፋጭ ነገር አልጠፋም፤ ልብስ እንደለበሰ ሌባ ከሰው መሐል ቆሞ ነበር።

ቺዙሙሉዎች ረፋዱ ላይ ደረሱ። ገና ሩቅ ሳሉ ከበሮአቸው ተሰማ። በዚያን ቀን ሐይቁ ላይ የሐይቅ ዝንቦች እንደ ጭስ ምሰሶ ተነስተው ነበር፤ ጀልባዎቹ ከጥቁሩ ምሰሶ ሥር ብቅ ሲሉ መንደሩ ሁሉ እልል አለ። ትልቁን ከበሮ የያዘው ዳምሶን የሚባል ወጣት ነበር፤ ፊት ጥርሱ ተሸርፏል፤ ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል። ምቱ በውስጥ እግሬ ገብቶ በደረቴ ይወጣ ነበር። ፌስተስ ካፖርቱን ለብሶ ሮጠና የቆርኪ ማዳመጫውን ዳምሶን ደረት ላይ ለጠፈ።

«ምን ይላል ዶክተር?» አለ ባዚል ጮክ ብሎ።

«ልቡ የለም» አለ ፌስተስ። «ከበሮው ውስጥ ነው ያለው።»

ሰው በሳቅ ወደቀ። ዳምሶን ራሱ እየሳቀ አንድ ምት ሳተ።

ምሳ ላይ ባዚል ጉበቱን ለብቻው በጎድጓዳ ሳህን አስመጣ። ጉበት በልማዳችን ለቀኑ ምርጥ ይሰጣል። ቆሞ ንግግር አደረገ፤ ቃል የገባ ካፒቴን ቃሉን እንደሚበላ ሳይሆን እንደሚያበላ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጁ ለዳምሶን ሰጠው።

አማይ ሮዳ ከሴቶቹ ጀርባ ስትመጣ አየኋት። በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ዳምሶን አጠገብ በርከክ ብላ ጆሮው ላይ ረጅም ነገር ነገረችው። ጨርቁን ገለጥ አደረገች፤ የተጠበሰ ዓሣ ነበር። ዳምሶን በአክብሮት ሳቀ።

«እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ግን ሊኮማ ሄጄ ዓሣ በላሁ ብዬ ብመለስ እናቴ በር አትከፍትልኝም። ጉበቱንስ እምቢ ብል ካፒቴኑ ምን ይላሉ?»

«ካፒቴኑ የፈለጉትን ይበሉ። አንተ አትብላ።»

«ነውር ነው እኮ፣ እናቴ» አለና ከጉበቱ ጎረሰ።

የባዚል ሚስት ከድስቱ አጠገብ ሆና ይህንን ታይ ነበር። እኔም አይ ነበር። አማይ ሮዳ ያን የመሰለ ከበሮ መቺ ጉበቱን እንዳይበላ የምትከለክለው ስስታም ስለሆነች፣ ለራሷም ስላልደረሳት መሰለኝ። ጥሩ ሰው ሲከበር ዓይኗ የሚቀላ ሴት።

ከዚያ እኔን አየችኝ። እጄ ላይ ቁራሽ ሥጋ ነበር። ደርሳ እጄን በጥፊ መታችው፤ ሥጋው አመድ ላይ ወደቀ።

«አፍህ ውስጥ ያለውን ትፋው። ትፋ አልኩህ። በአፍንጫህ ነው የሚወጣው።»

ሁሉም ዞረው አዩን። እያለቀስኩ ተፋሁ። እሷ ስትሄድ ግን በጓሮ ዞሬ ሌላ ቁራሽ ለመንኩ፤ የባዚል ሚስት «ና የኔ ጌታ፣ ያቺ ሴትዮ ልጅም አታበላ» ብላ ትልቁን ሰጠችኝ። ቃሪያው ምላሴን አቃጠለው። ከቃጠሎው በኋላ ሥጋው ሳይታኘክ ተበተነ፤ ልክ ጥርስ የማያስፈልገው ነገር እንደሆነ። አንድ ፀጉር ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ዋጥኩት። ያ ጣዕም ዛሬም ከአፌ አልወጣም፤ ሰርግ ላይ ሥጋ ሲቀርብልኝ ጓደኞቼ ጾም ይዘሃል ወይ ይሉኛል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ጥሩምባ ነፊ ከሰልፉ ወጥቶ በሜዳው ዳር ወዳለው የማንጎ ዛፍ ጀርባ ሮጠ፤ ሰው ሳቀበት። ቀጥሎ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ የሚስቁትም ሮጡ። ሲነጋ ያ የተጠረገ የጭፈራ ሜዳ የሚረገጥበት ቦታ አልነበረውም። ነጫጭ ቁምጣዎች ነጭ መሆናቸውን ትተዋል። ትልልቅ ሰዎች፣ ትናንት እንደ ወታደር የተራመዱት፣ በአራት እግራቸው ይሄዱ ነበር። ውሾቹ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ የወጣውን ይልሱ ነበር፤ የሚያባርራቸው ጉልበት ያለው አልነበረም። የሐይቁ ዝንቦች ምሰሶ ሌሊቱን ነፋስ ወደኛ ገፍቶት በየሰው አፍና ዓይን ላይ አርፏል። ሰው ያስመልስና ዝንብ ይውጣል።

ሕመሙ የያዘውን ሁሉ ተሸክመው ወደ ፌስተስ ያመጡ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉም ይልቅ የሚቀፈኝ ይህ ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የነጋበት። ሰው ሲጨንቀው ነጭ ካፖርት ያያል፤ «ዶክተር፣ እባክህ» ይለዋል። ፌስተስም የሚያደርገው ሲያጣ ያንን ቆርኪ አወጣና ዳምሶን ደረት ላይ አደረገው። ጆሮውን ደፍቶ አዳመጠ። ማንም አልሳቀም። የእውነቷ ነርስ ከሆስፒታል ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ባልዲ አሸክማ ስትደርስ «ምን በላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ባዚል ራሱ ሆዱን ይዞ እየተጣጠፈ «የታረደ ላም» አለ። የታረደ የምትለዋን ቃል አጥብቆ ያዛት።

እኔ እናቴ ጭን ላይ ነበርኩ። ወጣ፤ በአፌም፣ በአፍንጫዬም። አማይ ሮዳ እንዳለችው በአፍንጫዬ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ተናገረች፣ ሆነ። ዳምሶን ጆሮ ላይም የተናገረችው ይህንኑ ነበር። ከነርሷ ባልዲ በጣሳ ቀድታ ስትመጣ ጥርሴን ነከስኩ። አፍንጫዬን ይዛ አፌን አስከፈተችና አጠጣችኝ፤ ሳስመልሰው ደግማ አጠጣችኝ፤ ልብሷ በእኔ ትውከት ርሷል። ልትገድለኝ የመሰለኝ ያ ውኃ ነው ያዳነኝ። እሷ እኔን ስታጠጣ የሚያዩን ሴቶች ግን ይንሾካሾኩ ነበር፤ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ያልታመመች እሷ ብቻ ነበረች። ያልበላች እሷ ብቻ። ካበሰለበት ድስት የማይበላ ሰው ምን ይባላል?

ማብሰሏን ማንም አላየም። ማንም አልጠየቀም።

ዳምሶን ከድግሱ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሞተ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሲመታ እንደሚጨፍነው።

ፌስተስ አሁን ሸምግሏል፤ በመርከቡ ማረፊያ የደረቀ ዓሣ ይሸጣል። ባለፈው ዕረፍት አጠገቡ ተቀምጬ በቀጥታ ጠየቅሁት። ብዙም አላንገራገረም።

«ጀልባው ውስጥ ነው የሞተችው» አለኝ። «ከጠረፉ ሳንርቅ። ነፋስ ተነስቶ ከሸምበቆው ጀርባ ቆመን አደርን፣ ዋልን፤ ፀሐዩ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

«ለምን ሐይቁ ውስጥ አልጣላችኋትም?»

«ባዚል ሊጥላት ነበር። ገመዱን ፈትቶ አለቀሰ። ከዚያ ‹ዘፈኑን አስቡት› አለን። ሁላችንም አሰብነው።»

ከዚያ ፌስተስ አንድ ዓሣ አራግፎ ሰጠኝና «ቢሆንም» አለ፣ «ሮዳም ያን ማማሰያ እንዲያ ነጥቃ መሄድ አልነበረባትም። ሰው ድግስ ላይ እንዲያ አያደርግም። የሆነ ነገር ነበራት።» ዓሣውን እጄ ላይ እንደያዝኩ ተነሳሁ። ጥግ ዞሬ ለቁራ ጣልኩት፤ እጄንም ታጠብኩ።

ለባዚል ፍትሐዊ ልሁን። ክፉ ሰው አልነበረም። በሞተው ልጅ ላይ ያፈሰሰው እንባ እውነተኛ ነበር፤ ሬሳውን ያጠበው በገዛ እጁ ነው፤ እሱም ከዚያው ሥጋ በልቷል። ፈርቶ ነበር፣ ፍርሃትን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን ሁሉ እቆጥርለታለሁ። ነገር ግን ሰው ሁሉ የተሰበሰበበት ማንጎ ሥር ቆሞ የተናገረውን ሳስታውስ ያ ሽታ ይመለሳል፤ ፍትሐዊነቴም እዚያ ላይ ያልቃል።

ዳምሶን በምንጣፍ ተጠቅልሎ ጥላው ሥር ተጋድሟል። መቆም የቻሉት ጥቂት የቺዙሙሉ ሰዎች ከጀልባቸው አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አማይ ሮዳ መሬት ላይ፣ ከሁሉ ፊት ተቀምጣለች፤ የባዚል ሚስት «ድስቱን ረግማዋለች» ብላ ያየችውን ተናግራ ጨርሳለች፤ ጆሮ ላይ የተነገረውን፣ እጄ ላይ የተመታውን፣ ማማሰያውን።

«አማይ ሮዳ» አሉ ሹሙ፣ «ማንም ሊጎዳሽ አይፈልግም። ልቤ ከፍቶ ነበር በይ። አንድ ቃል ናት። ራስሽን እንላጭሻለን፣ የአመድ ውኃ እናፈስብሻለን፣ ትነጺያለሽ፣ ያበቃል፤ ቤትሽም መደርደሪያሽም ያንቺው ነው። አልልም ካልሽ ግን መርከቡ ሲመጣ ትሳፈሪያለሽ። የት እንደምትወርጂ የኛ ነገር አይደለም።»

«ላሚቱ በክት ነበረች» አለች። «ለእርስዎ በድግሱ ጠዋት ነግሬያለሁ።»

ሹሙ እንዳልሰማ ሰው ወደ ባዚል ዞሩ።

«በዚህ እጄ ነው ያረድኳት» አለ ባዚል። «ያየ ይናገር።» ዓይኑን በሰዎቹ ላይ አዞረና ፌስተስ ላይ አሳረፈው። ፌስተስ ቆርኪውን በካፖርቱ ጫፍ እየወለወለ ነበር። ወለወለ፣ እንደገና ወለወለ።

እናቴ አለቀሰች። «በይና፣ እህቴ» አለች። «ለቤትሽ ስትይ። አንድ ቃል ምን አላት?»

እኔም ከእናቴ ጭን ላይ ሆኜ እንድትል ፈለግሁ። ጥፋተኛ መሆኗን አልተጠራጠርኩም፤ ግን እንድትሄድ አልፈልግም ነበር። ተላጭታም ቢሆን አጥራችን ማዶ ሆና እንድትሰድበኝ ፈለግሁ። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትቀመጥ ግትርነት መሰለኝ።

ሹሙ ወደ ሌላው ጉዳይ ተሻገሩ። እንግዳ በደጅህ ከሞተ፣ ካፒቴኑ ራሱ ሬሳውን አሻግሮ በሟቹ እናት ፊት ይንበረከካል፤ ይህ በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። «ከሟቹ ጋር ማን ይሄዳል?» አሉ።

ማንም አልተነሳም። ሰው ሁሉ ባዚልን አየ። ባዚል ሐይቁን አየ። «ነፋሱ አላማረኝም» አለ። «ቡድኑም ታሟል። ካልሲዎቹም አልታጠቡም፤ እንዲህ ሆነን እናቱ ፊት አንቆምም።»

ሐይቁ እንደ ዘይት የረጋ ነበር።

አማይ ሮዳ ከመሬት ተነሳች። በትውከቴ የደረቀውን ልብሷን አራገፈችና ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው። ከማንጎው ግንድ ጋር ተደግፎ የነበረውን ማማሰያዋን አነሳች፤ ጀልባ የሚቀዝፍ ቁመት ነበረው። ባዚል መንገድ ለቀቀላት። ፌስተስ ቆርኪውን መወልወል አቆመ። እሷ ግን ማናቸውንም አላየችም፤ ምንጣፉ አጠገብ ቆማ ጀልባው ዘንድ ያሉት የቺዙሙሉ ሰዎች እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እናቱ ልጄ ምን በልቶ ሞተ ብላ ትጠይቃለች። የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ራሴን አልላጭም፣ መርከቡንም አልጠብቅም፤ ከዳምሶን ጋር አሁን እሻገራለሁ።»